ከሦስት መቶ ዋት በላይ አይገባም

ቅዳሜ

ድርግም። አሁንም ጠፋ። ምስሉን ማውጣት ስጀምር ማራገቢያው ይጮሃል፣ ትንሽ ይሄዳል፣ ከዚያ ጭልም ነው። መብራት አልሄደም። አምፖሉ በርቷል፣ የጎረቤት ቴሌቪዥንም ይለፈልፋል። የሚጠፋው የእኔ ኮምፒውተር ብቻ ነው።

ልጻፈው እስቲ፣ ሆዴን ቢቀለኝ። ኮምቦልቻ ያለ የሕንፃ ንድፍ ቢሮ የአንድ ቤት ፕላን ላከልኝ። ፕላኑን ፎቶ የሚመስል ምስል አድርጌ፣ ውስጡንም ውጭውንም፣ እስከ ረቡዕ ማታ ከላክሁላቸው አይተው ሥራ ሊሰጡኝ ነው። እዚሁ ከሚሴ ቁጭ ብዬ የምሠራው ሥራ። ካልሆነ ሐሙስ ጧት የደላላው መኪና ለቤት ሠራተኝነት የሚሄዱትን ሴቶች ከእኔ ጋር ጭኖ ይሄዳል፣ ከዚያ ሪያድ ነው። ቪዛዬ ወጥቷል። ጓደኞቼ ሁሉ ሄደዋል፣ እኔ ግን አልፈልግም። ወላሂ አልፈልግም። ኮሌጅ ገብቼ ንድፍ የተማርሁት የሰው መታጠቢያ ቤት ልፈገፍግ አይደለም።

እሑድ

አራቴ ሞከርሁ፣ አራቴም ጠፋ። ስጽፍበት አይጠፋም። ስስልበትም አይጠፋም። ምስሉን አውጣ ስለው ብቻ።

ጥፋተኛውን አግኝቼዋለሁ። ባለፈው ወር ያገለገለ የምስል ካርድ ገዝቼ አስገብቻለሁ፤ ለዚህ ሥራ ያለሱ አይሆንም። እሱ ኃይለኛ ነው፣ ሥራ ሲይዝ ብዙ ይጎትታል። ኃይል የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ ደግሞ ባለ ሦስት መቶ ዋት ነው። አልቻለውም፣ ስለዚህ ራሱን ያጠፋል።

ሦስት መቶውን ማን መረጠው? የቤት አከራዬ እትየ ሞሚና! ግቢው ውስጥ አራት ተከራይ ነን፣ ቆጣሪው አንድ። እትየ ሞሚና ፊደል አልቆጠሩም፣ ቁጥር ግን አንድም አያመልጣቸው። ማንም ዕቃ ይዞ ሲገባ ገልብጠው ጀርባውን ያያሉ። የመብራቱን ድርሻ የሚያካፍሉትም ጀርባው ላይ ባለው ቁጥር ነው። የአንዱን ተከራይ ምድጃ ከነካርቶኑ ከበር መልሰውታል። የእኔን ኮምፒውተር ያዩት ዕለት፣ «ከሦስት መቶ ዋት በላይ እዚህ ግቢ አይገባም» አሉ። እኔስ? እኔ የተማርሁት፣ አንድ ቃል ሳልናገር ባለ ሦስት መቶ ፈልጌ አስገጠምሁ። ቁጥሩ የሚበላው መስሎኝ ነበር። ዛሬ ሳነብ ነው የገባኝ፤ ቁጥሩ መስጠት የሚችለው ነው እንጂ የሚበላው አይደለም።

ሰኞ

ጀማል ሱቅ ሄድሁ። ኮምፒውተርና ዕቃውን የሚሸጥልን እሱ ነው። ሁለት ፓወር ሰፕላይ አወጣልኝ፣ ባለ ሰባት መቶ ሃምሳና ባለ አምስት መቶ ሃምሳ።

«ሰባት መቶ ሃምሳውን ውሰጂና ተገላገይ» አለኝ።

ሳነሳው ባዶ ቆርቆሮ ነው የሚመስል። ቀለለኝ፣ ጠረጠርሁ። ጎኑ ላይ የተለጠፈውን አነበብሁ። ካርዱ የሚመገብበት ባለ አሥራ ሁለት ቮልቱ መስመር ሃያ አምፔር ብቻ ይላል። አሥራ ሁለት በሃያ ሲባዛ ሁለት መቶ አርባ ነው። ሰባት መቶ ሃምሳው የት ገባ? ለካርዱ የሚሰካ ገመድም የለውም። ባለ አምስት መቶ ሃምሳው ግን ከባድ ነው፣ በዚያው መስመር አርባ ሁለት አምፔር ይሰጣል፣ ገመዱም አለው። ደመርሁ። ካርዱ መቶ ሰባ፣ ፕሮሰሰሩ ስድሳ አምስት፣ የቀረው ተሰብስቦ ሃምሳ ቢሆን ሦስት መቶ ደረሰ ማለት ነው። ካርዱ ደግሞ አንዳንዴ ብድግ ይላል። አምስት መቶ ሃምሳው ይበቃዋል፣ ይተርፈዋልም።

ጀማል ሳቀ። «አንቺ ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የሆንሽ?»

ከጨነቀኝ ወዲህ።

ጉድ የመጣው በር ላይ ነው። በሻሽ ጠቅልዬ ብብቴ ስር ይዤዋለሁ። እትየ ሞሚና ብቅ አሉ። «አካም ኦልቴ» ብለው ሰላም አሉኝና ዓይናቸው ሻሹ ላይ ቀረ። አስፈቱኝ። አምስት መቶ ሃምሳን አዩ።

«በኔ ቆጣሪ? በኔ ቤት?»

ወስደው ክፍላቸው ቆለፉበት።

ማክሰኞ

ለመንኋቸው። ስለ ሪያድ ነገርኋቸው፣ አለቀስሁ። እሳቸውም አዘኑ፣ ሻይ አጠጡኝ፣ ዕቃውን ግን አልሰጡኝም። «የኔ ልጅ፣ ለአንቺ ብፈቅድ ነገ ሌላዋ ምድጃ ታመጣለች» ይላሉ። የሳቸውም እውነት ነው፣ ይህ ነው የሚያናድደኝ።

በአሮጌው ልሞክር ብዬ ምስሉን አሳነስሁት። ጠፋ። በጣም አሳነስሁት። የወጣው የማይለይ ድፍን ነገር ነው፣ ቤት ይሁን የእህል ጎተራ አይታወቅ። ይህን ብልክላቸው ይስቁብኛል።

ደላላው ደወለ። «ሐሙስ ከሱብሂ በኋላ እንወስድሻለን፣ ሻንጣሽን አታብዢ» አለኝ። እሺ አልሁት። ምን ልበለው? ስልኩን ዘግቼ አልጋዬ ላይ ተደፋሁ። ተስፋ ቆርጫለሁ። ቆርጫለሁ ብዬ ልጻፈው፣ ሰው እንደሁ አያየው።

ረቡዕ

ጧት ስነሳ ቆጣሪውን አየሁት። ትንሿ ቀይ መብራት ጠፋ በራ ትላለች። መብራት ሲበዛ ትፈጥናለች፣ ሲያንስ ታዘግማለች። ሮጥሁ እትየ ሞሚና ጋ።

«ቁጥሩን ይተዉት፣ ቆጣሪውን ይመኑ። እሱ የርስዎ ነው፣ ለኔ አያደላም» አልኋቸው።

አሰቡ። የሚዘክሩበትን መቁጠሪያ፣ ሙስበሃቸውን፣ ይዘው ወጡ፣ በርጩማ አስመጥተው ቆጣሪው ስር ተቀመጡ። የግቢውን ሰው ሁሉ ዕቃ አስነቀሉ። እኔ በስልኬ አሥር ደቂቃ ልይዝ፣ እሳቸው ለአንድ ብልጭታ አንድ ፍሬ ሊጥሉ ተስማማን። መጀመሪያ በአሮጌው ፓወር ሰፕላይ ኮምፒውተሩን ከፍቼ ቆጠሩ። ከዚያ ባለ አምስት መቶ ሃምሳውን ከቆለፉበት አውጥተው ሰጡኝና ገጠምሁ። እንደገና ቆጠሩ። ሙስበሃውን አዩ፣ እኔን አዩ። እኩል ነው።

«ታዲያ ይሄ ቁጥር ዋሽቶ ነው?»

«አልዋሸም እትየ። ትልቅ ጀሪካን ማለት ነው። ጀሪካኑ ትልቅ ስለሆነ ውሃ አብዝተው ይጠጣሉ?»

ምስሉን ማውጣት ጀመርሁ። ቀይዋ መብራት ፈጠነች።

«ይኸው! ፈጠነ!»

አልዋሸኋቸውም። «አሁን ሥራ ይዞ ነው። ሥራውን ሲጨርስ ይመለሳል። ጭማሪውን ድርሻዬ ላይ ያድርጉት።»

ብዙ አዩኝ። «ለሥራ ከሆነማ ይሥራ» አሉና ከበርጩማው አልነሳ አሉ። አንዷ ተከራይ ካውያ ልትሰካ ብትመጣ፣ «ዛሬ የተጨማደደ ልበሺ!» ብለው መለሷት።

ኮምፒውተሩ አልጠፋም። ከሰዓት በኋላ እስከ አስር ሰላት ድረስ አልጠፋም። ሳሎኑ ወጣ፣ የመስኮቱ ብርሃን ምንጣፉ ላይ ወድቆ። የውጭው ወጣ። ኔትወርኩ እያስለቀሰኝም ቢሆን ከመግሪብ በፊት ላክሁ። አልሐምዱሊላህ። መልስ የለም።

ሐሙስ

እናቴ ትናንት ማታ ከጨፋ ሮቢት መጣች፣ ልትሸኘኝ። በሶ ቋጥራልኛለች። ስለ ንድፉ ነገርኋት፣ «ኸይር ነው» አለች እንጂ ሌላ አልተነፈሰችም። ሂጂም ቅሪም ብላኝ አታውቅም። ጎረቤቶቻችን ልጆቻቸው በላኩት ገንዘብ ቆርቆሮ ቤት ሠርተዋል፣ የእኛ አሁንም ያፈሳል። ትሂድልኝ እያለች ነው ብዬ በሆዴ አስብ ነበር።

ሱብሂ ሰግደን ስልኬን አየሁ። ከቢሮው ምንም የለም። መኪናው መጥቶ ጥሩንባ ነፋ። ሻንጣዬን ይዤ እስከ በሩ ሄድሁ። ውስጥ ያሉትን ሴቶች አየኋቸው፣ አንዷ ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ተኝታለች። «አልሄድም» አልሁት ደላላውን። ሰደበኝ። ስድቡን እዚህ አልጽፈውም። መኪናው ሄደ።

ዞር ስል እናቴ ቆማለች። ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

«መለሱልሽ?» አለችኝ።

«አልመለሱም፣ እማ።»

ሻንጣውን ከእጄ ወሰደች። «ኢንተለ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ ቪዛው ወጣ ካሉኝ ቀን ጀምሮ መኪናው በተበላሸ እያልሁ ዱዓ ሳደርግ ነው የከረምሁት» አለችና እዚያው በሩ ላይ እንባዋ ወረደ።

አሁን አልጋዬ ላይ ተኝታለች። ቢሮው እስካሁን አልመለሰም።