እናቴ በሃይላንድ የምትይዘው ውሃ

እሑድ፣ ኅዳር 9

እማ፣ ይህን ደብዳቤ ስንት ጊዜ ጀምሬ እንደተውኩት አላህ ያውቃል። በሞት ከተለየሽን ዘጠኝ ወር ሆነ። ለሰው መናገር ያፈርኩትን ነገር ይዤ ነው የመጣሁት።

አዋሽ ያው ሙቀቷ ነው። ሻይ ቤቱን አሁን እህቴ ሰዓዳ ይዛዋለች። የከባድ መኪና ሹፌሮቹ ዛሬም የሚጠሩት ያንቺን ስም ነው።

ሰዓዳ ሁለተኛ ልጇን ከወለደች ወዲህ ውሃ የሞላ ሃይላንድ ከእጇ አይለይም። አትጠጣውም። ሳየው ወዲያው ገባኝ። አንቺም ሲያስነጥስሽ ወይም ጀሪካን ስታነሺ ሽንትሽ ያመልጥሽና፣ ቶሎ ብለሽ ከሃይላንዱ ቀሚስሽ ላይ ታፈሺበት ነበር። "እጄ አይረባም፣ ውሃ ደፋሁ" ስትዪ ሰው ሁሉ ይስቃል። ሽንቱ ውዱእሽን እያፈረሰው ለአንድ ሶላት ሦስቴ ስትታጠቢ የማይሽ ግን እኔ ብቻ ነበርኩ።

ለአጎቴ ልጅ ሰርግ ወደ ሰመራ የሄድን ቀን፣ ገዋኔ ሳንደርስ ሚኒባሱ ጉድጓድ ገብቶ ነጠረ። ሃይላንዱ ባዶ ነበር፤ ጠማኝ ብዬ የጨረስኩት እኔ ነኝ። መቀመጫው ሲርስ ተነስቼ ወደ ኋላ ሄድኩ። እዚያ የነበሩ ሴትዮ "እናትሽ ናት?" ቢሉኝ "አላውቃትም" አልኩ። ሰምተሽኛል። ገዋኔ ስንወርድ ሻርፕሽን ወገብሽ ላይ አስረሽ ብስኩት ገዛሽልኝ።

ባለፈው ሳምንት የጤና ጣቢያዋን ነርስ፣ ስለ ጓደኛዬ እናት ነው ብዬ ጠየቅኳት። ሆድ ሳይከፈት፣ በትንሽ ቀዳዳ ስስ ጥብጣብ አስገብተው የሽንት ቱቦውን ከሥሩ ይደግፉታል አለችኝ። ለሁሉም ሴት አይሆንም፣ መጀመሪያ ሐኪም ይየው፤ የሚሆንላት ግን ብዙ ሳትቆይ ቤቷ ትገባለች አለችኝ። ይህን የሚሠራው ሐኪም የሚገኘው ሰመራ ነው። እማ፣ ሰርግ የሄድንበት ከተማ። አፍሬ ዝም ባልል ኖሮ እዚያው እንጠይቅ ነበር።

ትናንት ለሰዓዳ ሁሉንም ነገርኳት፣ የሚኒባሱንም ጭምር። ሃይላንዱን በእጇ ስታዟዙር ቆየችና "አንቺ ልጅ፣ ለካ ታያለሽ" አለችኝ። ቀጥላም "ብቻዬን ግን አልሄድም" አለች።

ነገ በመጀመሪያው ሚኒባስ አብረን እንሄዳለን። ከጎኗ እቀመጣለሁ። ሃይላንዱን እኔ እይዛለሁ፤ ቢጠማኝም አልከፍተውም። ገዋኔ ስንደርስ አንቺን እያሰብኩ ብስኩት እገዛላታለሁ። ምንሽ ናት የሚለኝ ካለ፣ ድምፄን ሳልቀንስ፣ የእናቴ ልጅ ናት እላለሁ።