ሰባት አሮጌ ኮምፒውተሮችን በአንድ የስልክ መስመር ስላገናኘሁበት ጥፋት

ሰኔ 12 ቀን 2001 ዓ.ም.
ለክቡር አቶ መክብብ
የጮራ ንባብ ቤት ኃላፊ
ወላይታ ሶዶ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤንነትዎ፣ በተለይም ስልክ በማንሳት ብዛት ለደከመው ቀኝ እጅዎ፣ መልካሙን ሁሉ እመኛለሁ። እኔ ቡርሃን ሸምሱ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ሬዲዮና ኮምፒውተር የምጠግነው፣ ከንባብ ቤቱ ደጃፍ እንዳልደርስ ያገዱበት ደብዳቤ ደርሶኛል። ማኅተሙ እጅግ ያምራል። ጥፋቴ «ያልተፈቀደ ገመድ መዘርጋት» ተብሎ ስለተጻፈ፣ በሕዝብ ፊት በዝርዝር ላምን ተነስቻለሁ።

አንደኛ፤ ከንባብ ቤቱ ሰባት አሮጌ ኮምፒውተሮች ኢንተርኔት የሚያገኘው አንዱ ብቻ ነበር፤ እሱም በእርስዎ ቢሮ የስልክ መስመር። ሰው ሁሉ ለዚያ ለአንዱ ሲሰለፍ አይቼ፣ በሁለት ቅዳሜ ሰባቱን በገመድ አገናኝቼ መስመሩን እንዲካፈሉ አደረግሁ። ቀርፋፋ ነበር፤ ቢሆንም ሰባት ሰው በአንድ ጊዜ ተቀመጠ። በንባብ ቤትዎ ያን ያህል ተጠቃሚ አይተው ስለማያውቁ፣ ላደረስሁብዎ ድንጋጤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሁለተኛ፤ እርስዎ ስልኩን ባነሱ ቁጥር የሰባቱም ኢንተርኔት እንደሚቋረጥ ደጋግሜ በማስረዳት ጊዜዎን አባክኛለሁ። «የቢሮ ስልክ የሚነሳው ለሥራ ነው» ብለው አስተምረውኛል። ሥራው በመስኮት ቢጣሩ የሚሰማዎት ሻይ ቤት ደውሎ ማኪያቶ ማዘዝ መሆኑን ባለማወቄ አፍራለሁ።

ሦስተኛውና ከባዱ ጥፋቴ የግንቦቱ ነው። ከበዴሳ ሲስተር ፀደንያ መጡ፤ ዘጠኝ ዓመት እናቶችን ያዋለዱ ነርስ ናቸው። ለዲግሪ ትምህርት የሚያመለክቱበት ቅጽ በኢንተርኔት የሚላከው እስከዚያ ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ብቻ ነበር። አንድ ሰዓት ሙሉ በሁለት ጣት ጽፈው ሊልኩት ሲሉ እርስዎ ስልክዎን አነሱ፤ የጻፉት ሁሉ ጠፋ። እሳቸው እንደገና ጀመሩ፤ እርስዎም እንደገና አነሱ። ሲስተር እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው፣ «ቡርሃን፣ ምጥ የጠናባት እናት እንኳ እንዲህ አላስጨነቀችኝም። ይብቃኝ፣ ልሂድ» አሉኝ። አሥር ሰዓት ሊሆን ነበር።

«አንዴ ብቻ ይሞክሩ» አልኳቸውና ቢሮዎ ገብቼ ተቀመጥሁ። «ጋሼ መክብብ፣ ይህን ቤት ከባዶ ተነስተው እንዴት እዚህ አደረሱት?» ብዬ ጠየቅሁዎ። ፊትዎ በራ። ስልኩን ወደ ጎን ገፋ አድርገው፣ ከመምህርነት ዘመንዎ ጀምረው እስከ ሦስተኛው ዝውውርዎ አወጉኝ። እውነቱን ልናገርና ግማሹን አልሰማሁም፤ ጆሮዬ ያለው ወዲያኛው ክፍል ነበር። እጅዎ ወደ ስልኩ ባዘነበለ ቁጥር «ከዚያስ?» እል ነበር። ለአሥራ አንድ ሩብ ሲቀር ከዚያኛው ክፍል እልልታ ተሰማ። «ሕዝቡ ሥራዬን ያውቃል» ብለው ፈገግ አሉ። አላረምሁዎትም።

በሳምንቱ ነገሩን ሰው ነገረዎ፤ ገመዱ ተሰብስቦ መጋዘን ተቆለፈበት፣ ለእኔም ደብዳቤው ተጻፈልኝ። ትናንት በአጥር በኩል ሳይ ስድስቱ ኮምፒውተሮች ጨርቅ ለብሰዋል፤ በአንዱ ፊት አሥራ አራት ሰው ቆሟል፤ አንዲት እናት ልጅ አዝላለች። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ቀልዴ ጠፋብኝ። እኔን ያግዱኝ፤ ገመዱን ግን ይመልሱላቸው።

ሲስተር ፀደንያ መቀበላቸውን የሚገልጽ መልስ ደርሷቸዋል። በሥራ ዘመንዎ ረጅሙን ቁም ነገር ስልክ ሳያነሱ ላወሩበት ለዚያ አንድ ሰዓት ከልብ አመስግነውዎታል።

ወንበርዎ እንዲጸና፣ ማኅተምዎም ቀለም እንዳያጣ ሁልጊዜ የሚመኝልዎ፣ የታገደው ታዛዥዎ
ቡርሃን ሸምሱ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ቅዳሜ ባለቤትዎ ወይዘሮ አያልነሽ ሱቄ መጥተው የልጆቻችሁን ሁለት ኮምፒውተሮች በገመድ እንዳገናኝላቸው አዘዙኝ፤ በማግስቱ ቤትዎ ሄጄ ሠርቻለሁ። ፈቃድ ያስፈልገው እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ «የሚከለክል ካለ ወደ እኔ ላከው» ብለውኛል።