የአያ ይርዳው መንኮራኩር

የካቲት 4 ቀን 1977

ጠመኔ አለቀ። ሁለተኛውን ክፍለ ጊዜ በቃል አስተማርኩ። የሰባተኛ ክፍሎችን የእንግሊዝኛ ፈተና አርሜ ጨረስኩ። አንዷ ግማሽ ማርክ ይጨመርልኝ ብላ አለቀሰች። አልጨመርኩም። ጨካኝ ይሉኛል። ይበሉኝ።

ከሰዓት የቀበሌው ወረቀት ደረሰኝ። «መምህር አዲስዓለም፣ የገማች ኮሚቴ አባል ሆነው ተመርጠዋል።» ምን ልገምት? በሬ አላውቅ፣ ቤት አላውቅ...

የካቲት 5

የምንገምታትን ዕቃ አየኋት። መጫወቻ ናት! ክንዴን የምታህል ግራጫ የፕላስቲክ የጠፈር መንኮራኩር። ክንፏ ይታጠፋል፣ አናቷ ላይ ትንሽ ክዳን አላት፣ ሆዷ ሥር የተሠራችበት ዓመት ተጽፏል። ከእርዳታ ልብስ ጥቅል ውስጥ ነው የወጣችው። የመጋዘን ጠባቂው አያ ይርዳው ቤታቸው ወስደው አስቀመጧት። ፍተሻ መጣ፣ ተገኘች። የእርዳታ ንብረት ሰርቀዋል ተብለው ታሰሩ።

«የመኪናው ዕቃ ወልቆ ጥቅሉ ውስጥ የገባ መሰለኝ» አሉን። «ሾፌሩ ተክሌ ሲመለስ ልሰጠው ነበር። መጋዘን ብተዋት ከልብሱ ጋር ትታደላለች ብዬ።»

ማን ያምናቸዋል? እኔ አመንኳቸው። እንዲህ ያለ ነገር ፈጥሮ የሚያወራ ሌባ የለም።

ሊቀመንበሩ ታፈረ ቁርጡን ነገረን። ዋጋዋ ከመቶ ብር በታች ከሆነ እዚሁ ከፍለው ይፈታሉ። ከመቶ ካለፈ አውራጃ ይላካሉ። አምና አውራጃ የተላከው አዱኛ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ሚስቱ ስንቅ ይዛ ብትሄድ «እዚህ የለም» አሏት።

የካቲት 7

ሦስታችን ተሰበሰብን። እኔ፣ ባለሱቋ እትዬ አማረችና የኔታ ቀለመ ወርቅ። በእውነት ልንገምት ማልን። እትዬ አማረች አገላበጧት። «ፕላስቲክ እኮ ናት። እኔ ጆግ በሦስት ብር እሸጣለሁ። ይቺ ውኃ እንኳ አትይዝ!»

ሳቅን። የኔታ አልሳቁም። «ዋጋው ያልታወቀ ዕቃ ገበያ ይወጣል» አሉ። «ከሁሉ በላይ የተጠራው ዋጋው ይሆናል። አባቶቻችንም ሲቸግራቸው እንዲህ ነበር የሚገምቱ።»

ታፈረ ተስማማ። ነገ ገበያው ላይ ይለፈፋል፣ የሚቀጥለው አርብ ትወጣለች። ቀለል አለኝ። በዚህ የረሃብ ዓመት መጫወቻ በመቶ ብር የሚገዛ ማን አለ?

የካቲት 9

ምን አቀበጠኝ! ምን አቀበጠኝ!

የመጠለያው ፈረንጅ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ገማች ነኝ፣ ማወቅ አለብኝ ብዬ... ሥዕሏን ደብተር ላይ ስዬ አሳየሁት። ፊቱ በራ። በየክፍሉ የሚወጣ የጠፈር ፊልም አለ፣ እሷ የዚያ ናት አለኝ። እነሱ አገር አዋቂዎች ሳይቀሩ ያጠራቅሟታል። ክዳኗ አለ? ክንፏ አልተሰነጠቀም? ሆዷ ሥር ያለው ዓመት ስንት ነው? ሁሉንም አንድ በአንድ መለስኩ። ሲጨርስ «መቶ ዶላር ታወጣለች» አለ።

ሁለት መቶ ሰባት ብር።

አርብ ለገበያ እንደምትወጣም እኔው ነገርኩት። ሰው ታስሮባታል አላልኩትም። ስለ እስር ለፈረንጅ ማውራት ያስፈራል።

የካቲት 11

ጾም ገባ። አያ ይርዳውን ልጠይቅ ሄድኩ። እግራቸው አብጧል። «ገበያ አያዳላም፣ ልጄ። አትስጋ» አሉኝ። እሳቸው እኔን ያጽናናሉ! ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ።

ክዳኗ ብትሰበር ዋጋዋ ይወርድ ነበር። የተቀመጠችበት ክፍል ቁልፍ ግን ታፈረ ኪስ ነው። ደግሞስ ምዬ የለም? ሰው ከሚጠፋ መሐላ ቢፈርስ... አላውቅም። አላውቅም።

የካቲት 15

አርብ ደረሰ።

ታፈረ ገበያው መሐል ጠረጴዛ አስወጥቶ እሷን አስቀመጠ። ሰው ከበባት። «የተምች መድኃኒት መርጫ ናት?» አለ አንዱ። በግ ነጋዴው አንድ ብር ጠራ። ሌላው አንድ ከሃምሳ። ሦስት ብር ላይ ቆመ። ታፈረ እስከ ስድስት ሰዓት እንጠብቅ አለ። ጠበቅን።

የፈሩት ይደርሳል። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ የፈረንጁ መኪና መጣ።

እየሳቀ ወረደ። በእንግሊዝኛ «ሁለት መቶ ብር እሰጣለሁ፣ ገንዘቡ ለዕቃዋ ባለቤት ይሁን» አለኝ። ደግ መሥራቱ ነው! ሁለት ባለመቶ ከኪሱ አወጣ።

«ምን አለ?» አለ ታፈረ።

የኔታ አዩኝ።

«አራት ብር ነው የሚለው» አልኩ። «ዝርዝር የለኝም፣ ዘርዝሩልኝ ይላል።» ወዲያው በእንግሊዝኛ «ብርህን መልስ፣ ሰው ታስጨርሳለህ» አልኩት። ፊቱ ጠቆረ። ብሩን መለሰ።

እትዬ አማረች ቀልጠፍ ብለው «እኔ ላበድረው» አሉና አራት ብር ከመቀነታቸው ፈቱ። ፈረንጁ ዕቃዋን ይዞ ሄደ።

የካቲት 16

አያ ይርዳው አራት ብር ቅጣት ከፍለው ተፈቱ። ላገኙት ሁሉ «እውነት አወጣችኝ» ይላሉ። ደስ ብሎኛል። እኔ ግን ሲመጡ ሳይ መንገድ ቀየርኩ።

የካቲት 20

ታፈረ ቢሮው ጠርቶ በሩን ዘጋው። «አራት ብር የሚከፍል ሰው ሁለት ባለመቶ ያወጣል? እኔ ሞኝ ነኝ፣ መምህር? ዝም ያልኩት ገማች ስለምፈልግ ነው።»

ሰኞ የእትዬ አማረች ሱቅ ይገመታል። ዕቃ ደብቀዋል ተብሏል። እሳቸውም አውራጃ እንዲላኩ ከፍ አድርጌ ገምቼ እንድፈርም ይፈልጋል። ካልፈረምኩ የአያ ይርዳው መዝገብ ይከፈታል።

አንዱን አወጣሁ ብዬ ሌላዋን ልከት?

የካቲት 22

አያ ይርዳው መካነ ኢየሱስ ከተማ ልጃቸው መሰለች ዘንድ እንዲሄዱ ለመንኳቸው። እሳቸው ከራቁ እምቢ ማለት እችላለሁ።

«ያልሰረቅሁ ሰው ምን ብዬ እሸሻለሁ?»

ቢጨንቀኝ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሁለት መቶውን ብር፣ ውሸቴን፣ ሱቁን። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «እኔ እኮ ገበያው የፈታኝ መስሎኝ ለሰው ሁሉ አወራሁ» አሉ። አፈርኩ።

የካቲት 25

ሱቁ አልተገመተም።

ለግምቱ ሰው እንደተሰበሰበ አያ ይርዳው በገዛ እግራቸው መጡ። ታፈረ ፊት ቆመው «ዕቃዋ ሁለት መቶ ብር ታወጣ ነበር» አሉ። «ፈረንጁ ዋጋ ዝቅ አድርጎ እንዲጠራ ሰው ልኬ ያስለመንኩት እኔ ነኝ። መምህሩ የሰማውን ተረጎመ እንጂ የሚያውቀው የለም።»

ይኼ ሁሉ ሰው ከሰማ በኋላ ታፈረ ምን ሊል ይችላል? እኔን የሚይዝበት ጠፋው። አልፈርምም አልኩ። የኔታም አልፈርምም አሉ።

እኔ ግን ስለ ፈረንጁ እውነቱን አልተናገርኩም። አውራጃ የሚሄደው የእህል መኪና ላይ ሲያወጧቸው ቆሜ አየሁ። ዋሽተው የማያውቁ ሰው ለእኔ ብለው ዋሹ።

የካቲት 26

ለርዕሰ መምህሩ የፈቃድ ደብዳቤ አስገባሁ። መልሱን አልጠብቅም። ሾፌሩን ተክሌን አግኝቼዋለሁ፤ ያገኙትን የመኪና ዕቃ ይመልሱልኝ ነበር ብዬ እመሰክራለሁ ብሏል። ነገ አብረን አውራጃ እንገባለን። የዋሸሁት እኔ ነኝ ብዬ እናገራለሁ። እፈራለሁ። አዱኛ ከዓይኔ አይጠፋም።

ማታውን እትዬ አማረች ስንቅ ይዘውልኝ መጡ። የት ትሄዳለህ አላሉኝም። ፈትቼ አየሁት፤ የሦስት ሰው ነው፤ የአያ ይርዳውም አለበት።