ላፍቶ ላይ በስምሽ የሚጠራው ክር

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ ለወይዘሮ ፀሐይወርቅ፣ ቡልጋ።

እማዬ፣ ሰላምታዬ ከዚህች ወረቀት ቀድሞ እደጅሽ ይድረስ። እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትወጪ አሁንም ዳገቱ መሐል አረፍ ትያለሽ ወይስ ተሻለሽ? ዓይንሽስ? ንቦቹስ ቀፎአቸውን ወደዱት? ጾሙን በሰላም ያስፈጽምሽ። እኔ እዚህ ነፋስ ስልክ፣ ከጓደኛዬ ከገዲሴ ጋር በምንኖርባት ክፍል፣ ፈጣሪ ይመስገን ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልጎደለብኝም። እጄ ጽሕፈት ገና በመልመድ ላይ ስለሆነች ፊደሉ ቢወላገድ አትፍረጂብኝ።

ይህን የሚያነብልሽ ወንድሜ ሙሉሰው መሆኑን አውቃለሁ። አንድ አደራ አለኝ፤ ከታች ስለ ሞራ የጻፍኩበት ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያድርግ። ጎረቤት ይሰማል።

ላፍቶ፣ ወንዙ ዳር ባለው የችግኝ ቦታ ውኃ እንደማመላልስ ታውቂያለሽ። አሁን ውኃ አመላላሽ አይደለሁም፤ አዳቃይ ሆኛለሁ! ማዳቀል ማለት ጥሩ ፍሬ ከሚሰጥ ዛፍ ቀንበጥ ቆርጦ፣ ከሌላ ችግኝ ግንድ ጋር ቁስሉን ከቁስሉ ገጥሞ ማሰር ነው። ሁለቱ አንድ አካል እስኪሆኑ ድረስ ቁስሉ መድረቅ የለበትም። ስለዚህ ሥራው ሁሉ ያለው ማሰሪያውና መመረጊያው ላይ ነው።

ዓምና ይህ ነገር አልሆን ብሎን ነበር። በቃጫ አስረን ጭቃና እበት ስንመርግበት ፀሐይ ይመታውና ተሰነጣጥቆ ይረግፋል። ቀጥሎ አሮጌ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ በቀጭን በቀጭኑ እየቀደድን አሰርንበት። ላስቲክ ነውና መያዙንስ ይይዛል፤ ግን ችግኙ ሲወፍር አይለቀውም፣ አንገቱን ያንቀዋል። ሬንጅም ተሞክሮ ነበር፤ እርሱ ጭራሽ ቀንበጡን አቃጥሎት አረፈ።

አለቃችን አቶ ሁንዴሳ የላፍቶ ተወላጅ ናቸው። ከቤታቸው ጓሮ አባታቸው የተከሉት አንድ አሮጌ የኮክ ዛፍ ነበራቸው። ፍሬው ትንሽ ነው፤ መዓዛው ግን እጅ ከታጠቡም በኋላ አይለቅም። በዚያ በኩል መንገድ ያልፋል ተባለና ዛፉ ለፋሲካ እንደማይደርስ ታወቀ። ፍሬውን ብንተክለውስ ብላቸው፣ ከፍሬው የሚበቅለው ልጁ ነው እንጂ እርሱ ራሱ አይደለም አሉኝ። እርሱን ራሱን ለማቆየት ማዳቀል ብቻ ነው ያለው። ብዙ የሚናገሩ ሰው አይደሉም፤ ግን በየጥዋቱ ወደ ሥራ ከመምጣታቸው በፊት ዛፉን ዳሰስ አድርገው እንደሚመጡ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

እኔም አንድ ቀን ባልዲዬን አስቀመጥኩና፣ እንደ ጧፍ ብንሠራውስ አልኩ። ሁሉም ሳቁ። አቶ ሁንዴሳም፣ ዛፉን ልታበሪው ነው እንዴ ልጄ አሉኝ። እማዬ፣ እኔ ያንቺ ልጅ አይደለሁ? አፍሬ ዝም አላልኩም። እናቴ ለደብራችን ጧፍ ስትሠራ ልል ማግ በቀለጠ ሰም ውስጥ ስትስብ እያየሁ ነው ያደግሁት፤ ሰም ቁስሉን ከንፋስም ከውኃም ይጠብቀዋል፤ ልል ማግ ደግሞ ችግኙ ሲወፍር በራሱ ጊዜ ይበጠሳል፣ አያንቅም አልኳቸው። ጥቂት አዩኝና አርባ ችግኝ ሰጡኝ። ከያዘልኝ የአዳቃይ ቢላዋ ይሰጠኛል፣ ካልያዘልኝ ወደ ባልዲዬ እመለሳለሁ ተባባልን።

ኅዳር ላይ ሠራሁት። የሰሙን ሙቀት አንቺ እንደምታደርጊው በእጄ ጀርባ ላይ ጠብ እያደረግሁ ለካሁ፤ እጅ የቻለውን ቀንበጥም ይችለዋል ብዬ። እንደ ሣር ክዳን ከታች ወደ ላይ እየደራረብኩ ጠቀለልኩት። ማማሩን ብታዪው! አርባውም ተሰልፈው ሲያበሩ፣ ምነው እማዬ በአጠገቤ ኖራ ባየችኝ እያልኩ በመካከላቸው ተንጎራደድኩ።

ኩራቴ ግን አልሰነበተም። የላፍቶ ብርድ ወንዙን ተከትሎ ይመጣል። የታኅሣሥ ውርጭ ሰሙን እንደ ደረቅ ቂጣ ሰነጣጠቀው፤ ንፋስ ገባና ቀንበጦቹ ደረቁ። ከአርባው አንድም አልተረፈ። አቶ ሁንዴሳ የደረቁትን ቀንበጦች እየነቀሉ ሰበሰቡ፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ከአሮጌው ዛፍ ላይ የቀረው ቀንበጥ ለአንድ ዙር ብቻ የሚበቃ ነበር። እኔም እንደ ውላችን ወደ ባልዲዬ ተመለስኩ።

ባልዲዬን ተሸክሜ ስመላለስ ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ። ሙሉሰው፣ እዚህ ላይ ነው፣ ድምፅህን!

እማዬ፣ ያቺን ገበያ ላይ ጧፍ ትሸጥ የነበረች ሴት ታስታውሻታለሽ? በማለዳ ብርድ ጧፏን ጣትሽ ላይ ጠቀለልሽው፤ አልተሰነጠቀም። ንጹሕ ሰም በዚህ ብርድ እንዲህ አይታጠፍም፣ ሞራ ገብቶበታል ብለሽ ሰው እያየ ወረወርሽላት። ለቤተ መቅደስ በሚበራ ነገር ውስጥ የበሬ ሞራ እያልሽ ሳምንቱን ሙሉ ስትንገበገቢ ሰነበትሽ። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰም ከምንም ጋር እንደማይቀላቀል በልቤ ይዤ ነው ያደግሁት። ኅዳር ላይ ማንም ሳያዘኝ ንጹሑን ሰም ብቻ ያቀለጥኩት ለዚህ ነው። ዛፍ ግን ቅዳሴ አይቆምም። ዛፉ የሚፈልገው አንቺ የወረወርሽውን ነው።

ለዚሁ ብቻ የሚሆን አዲስ ምንቸት አመጣሁ። ሞራውን ሰሙ ላይ ልጨምር ስል እጄ እምቢ አለኝ፤ ላማትብ ወይስ አላማትብ ብዬ እንኳ ቸገረኝ። በመጀመሪያ አበዛሁትና ቀትር ላይ እየቀለጠ ፈሰሰ። ቀነስኩት። ሰሙን ሦስት እጅ፣ ሞራውን አንድ እጅ ሳደርገው ክሩ በማለዳ ውርጭ ጣቴ ላይ ተጠቀለለ፣ በቀትርም አልፈሰሰም። ክሩን ሳሳያቸው አቶ ሁንዴሳ የመጨረሻዎቹን ቀንበጦች ሰጡኝ፤ ጥር ላይ በአርባ ችግኝ ላይ አሰርኳቸው። የካቲት ሲጋመስ እምቡጦቹ አበጡ፣ ፈነዱ። ሠላሳ ስድስቱ ለመለሙ፣ እማዬ! ሠላሳ ስድስት! አለቀስኩ፤ ሳልደብቅሽ ነው የምነግርሽ።

አሮጌው ዛፍ ባለፈው ሐሙስ ተቆረጠ። አቶ ሁንዴሳ እስከ መጨረሻው ቆመው አዩት። ከዚያ ቀጥ ብለው ወደ ችግኞቹ መጡና አንድ በአንድ እየዳሰሱ ዞሩ። ሲጨርሱ ከወገባቸው የራሳቸውን ቢላዋ አውጥተው ሰጡኝ። የአባቴ ዛፍ ዛሬም አለ፣ እናትሽን አመስግኚልኝ አሉኝ። እዚህ ሥፍራ ከተቀጠርኩ ጀምሮ እንደዚያ ቀን ራሴን ቀና አድርጌ ሄጄ አላውቅም።

አሁን የምናዘዘው አለኝ። ክሩን ከየት ተማርሽው ሲሉኝ ስምሽን ነግሬያቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ እዚህ ሰው ሁሉ የፀሐይወርቅን ክር አምጪ፣ የፀሐይወርቅ ክር አለቀ ነው የሚለው። በሰሟ ንጽሕና በቡልጋ የታወቀችው እናቴ ላፍቶ ላይ ስሟ የሚነሣው ከነሞራው ነው። ኧረ ሌላ ስም አውጡለት ብዬ ለመንኳቸው፤ የሚሰማኝ አጣሁ። እውነቱን ልንገርሽና፣ አጥብቄም አልለመንኳቸው።

ሙሉሰውን ስላነበበልሽ ጉንጩን ሳሚልኝ። ለባለቤቱ ለአማከለች፣ በሰላም መገላገልሽን እስክሰማ ቸኩያለሁ በያት። አክስቴ ዘነቡን፣ የሰደደችልኝ ነጠላ ሰንበት ሰንበት ከትከሻዬ አይወርድም በያት። ለንስሐ አባታችን እጅ እነሣለሁ፤ የሞራውን ነገር ግን እኔው ራሴ ስመጣ እነግራቸዋለሁና ቀድመሽ እንዳትነግሪብኝ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርሱልሽ አቶ ደምሰው፣ ሥሩ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ አንድ ችግኝ ይዘውልሻል። ከሠላሳ ስድስቱ አንዱ ነው፤ አቶ ሁንዴሳ ራሳቸው መርጠው ያንቺ ድርሻ ብለውታል። ከቤታችን ጀርባ፣ ከቀፎው አጠገብ ትከይው። ክሩን አትፍቺው፣ በራሱ ጊዜ ይወድቃል። በማለዳ ብርድ በዚያችው ጣትሽ ዳሰስ አድርጊው፤ አልተሰነጠቀም። የዛሬውን ግን አትወርውሪው።

ልጅሽ በላይነሽ
ላፍቶ፣ አዲስ አበባ
መጋቢት ፱ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.