አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ቅርብ

ይድረስ ለልጅ ልጄ ለእሌኒ።

ሰማንያን ካለፍሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ዛሬም ውሃዬን ራሴ እቀዳለሁ፣ የደንገል ታንኳዬን ራሴ አስራለሁ፣ መርፌዬን ክር የሚያጠልቅልኝ ካገኘሁም ቡትቶዬን ራሴ እጥፋለሁ። ይኸንንም ደብዳቤ ራሴ ነኝ የጣፍሁት፤ ደብተራ ለምኜ አይደለም። ፊደሌ እንደ ሰካራም ቢንገዳገድ አትሳቂብኝ።

እንዴት ነሽ የኔ ዓለም? እንዴት ከርመሻል? ብርዱስ እንዴት አድርጎሻል? ራስ ምታትሽ ለቀቀሽ ወይ? ባሕር ዳር ፔዳ ሰፈር የተከራየሻት ክፍል ጣሪያዋ ያፈስስ ነበር፤ ተደፈነ ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ፤ ጉልበቴ ደግሞ ከድሮም ከኔ ጋር ተስማምቶ አያውቅም። ስልኩ ተቋርጧል፣ መንገዱም ተዘግቷል፤ ስለዚህ ይኸን ወረቀት አባ ገብረ መስቀል በጀልባ ይዘውልሽ ይመጣሉ። አንብበሽ ስትጨርሺ መልሱን በእጃቸው ስጫቸው። መልሱ ግን «እሺ» ብቻ ይሁን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጥቅምት ከጓደኞችሽ ጋር መጥተሽ ያን ባለሦስት እግር መሣሪያ ስትተክይ መንደሩ ሁሉ ወጥቶ አይቶሻል። ባሕሩ ምን ያህል እንደሸሸ፣ እምቦጩ ምን ያህል እንደዋጠ፣ ከሰማይ ፎቶ አንስተን በኮምፒውተር እንለካዋለን አልሽ። ለዚያም አራት ነጭ የጣውላ መስቀል ምድር ላይ ቸነከራችሁ፤ አንዱን በኛ ግቢ፣ አንዱን በጎረቤታችን በሀዲስ ሽምብራ ማሳ፣ አንዱን በአገርነሽ ግጦሽ፣ አንዱን በቤተ ክርስቲያኑ በር። ፎቶው ከምድሩ ጋር የሚገጥመው በነዚህ ነው፤ አደራ አባባ፣ በጣት እንኳ እንዳይነቃነቁ ብለሽኝ ሄድሽ። እኔም ኮራሁ። ልጄ ቀያሽ ልትሆን ነው፣ ከጥምቀት በኋላ የምትበር ካሜራ ይዛ መጥታ አገራችንን ከላይ ታነሣለች እያልሁ በሰንበቴው ጠላ በቀመስሁ ቁጥር አወራሁ። አቧራ ሲለብሱም በእርጥብ ጨርቅ እየዞርሁ እወለውላቸው ነበር።

ከኅዳር ማለቂያ ወዲህ ግን ሰማዩ ሌላ ሆነ። ከባሕሩ ማዶ እንደ ተርብ የሚያጉረመርም ነገር ይመጣል። ዓይን አያየውም። ይዞራል፣ ይዞራል፣ ይሄዳል። አንድ ቀን ከማዶ ጭስ ተነሣ። የማን ቤት እንደሆነ፣ ማን እንደነበረበት፣ እስካሁን አፉን ሞልቶ የነገረን የለም፤ ከዚያ ወዲህ ከማዶ የመጣ ታንኳም የለም። ስሙን ሕፃናቱ እንኳ ያውቁታል፣ ድሮን ይሉታል። ያን ስም መጀመሪያ የሰሙት ከኔ አፍ ነው። የእሌኒ ካሜራ ስሟ ይኸ ነው ብዬ ያስተማርኋቸው እኔው ነኝ።

አሁን ሰው ሲያየኝ ወሬውን ያቆማል። ሀዲስ መጥቶ፣ አያ አስማማው፣ እርስዎን አከብራለሁ፣ ግን በግብፅ ምልክት ያለበት ቤት ነበር የሚተርፈው፣ የልጅዎ ምልክት ተገልብጦብናል፤ መስቀሎቹን እናቃጥላቸው አለኝ። እኔ ደግሞ በሰው ፊት ፈሪ አልሁት። ጎረምሶቹ የባሰ አሉ፤ ከእንግዲህ ትንሽም ትሁን ትልቅ የምትበር ነገር ይዞ የመጣ ሰው በእግሩ አይመለስም ብለው በታቦቱ ስም ማሉ። የማን ልጅ እንደሆንሽ ያውቃሉ። ያም አላስቆማቸው።

አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባል ነበር። ዘንድሮ ሰማዩ ቀረበ፣ አደራው ግን አልላላም፤ ስለዚህ አላቃጠልኋቸውም። በጠራራ ፀሐይ፣ ሁሉም እያየ፣ ሦስቱን ነቅዬ አንድ በአንድ በትከሻዬ ወደ ግቢዬ አመጣሁ። አገርነሽ ከአጥሯ ላይ ሆና ስምዖን ቀሬናዊ መጣ ብላ ሳቀችብኝ። አራቱም ከደጄ ተዘርግተው ስታይ ግን ሳቋ ጠፋ፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ምነው አያ አስማማው፣ መካነ መቃብር አስመሰሉት እኮ አለችኝ። ቤት ውስጥ ያልደበቅኋቸው መልሶ ይተክላቸዋል እንዳይሉኝ ነው፤ ያለፈ ሁሉ ይቁጠራቸው። ምልክቱ ያን ነገር ይጠራዋል ብዬ አላምንም። የሚጠራው ከሆነ ግን ወደ እኔ ይጥራው፤ ሽምብራው ውስጥ የሀዲስ ልጆች ይውላሉ። አሁን በደጄ የሚያልፍ የለም። ውሻው እንኳ አገርነሽ ቤት ነው የሚያድር።

በጣት እንኳ ያልሽውን በትከሻ አነቃነቅሁት፤ ይቅር በይኝ። በነቀልሁበት ቦታ ሁሉ የወይራ ችካል መትቼ አፈር አልብሼዋለሁ። ትክክል ነው ብዬ አልምልም፣ ዓይኔም እጄም እንደ ድሮው አይደሉም። ግን ስምሽ እሌኒ ነው፤ የተቀበረ መስቀል ማስቆፈር ከስምሽ ጋር የመጣ ነው። ሦስት ነጥብ ከታወቀ አራተኛው አይጠፋም ብለሽ ምድጃው አመድ ላይ ሥለሽ ያሳየሽኝን አልረሳሁም። አገር ሰላም ሆኖ የመጣሽ ዕለት ግቢያችን ባይታወቅሽ፣ ከሦስቱ ችካል ተነሥተሽ ፈልጊው።

እስከዚያ አትምጪ። ካሜራዋን ይዘሽም ሳትይዢም አትምጪ፤ ለመምህርሽም እንዲሁ ንገሪያቸው። ባሕር ዳር ይምጡና አብረን እንኑር ያልሽኝንም ሰምቻለሁ። ተባረኪ፤ እንቢ ብያለሁ።

አብራሽ ለምታድረው ለርሆቦት ሰላም በይልኝ፤ እንደ እህት ትያዝሽ። አከራይሽን እትዬ ወለላንም ሰላም በይልኝ፤ ጣሪያውን ያስደፍኑልሽ። ከዚህ አገርነሽ ሰላም ብላሻለች። ሀዲስ አላለም፣ ልቡ ግን ብሏል።

እዚህ ያስቀረኝን ዕዳ አንቺ እንዳታስቢው፤ የራሴ ነው። ሀዲስን በሰው ፊት ፈሪ ብየዋለሁና በሰው ፊት ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። የአያትሽን የወለተ ሩፋኤልን ዝክር ዘንድሮም አላስታጉልም፤ ጠላውን ራሴ እጠምቃለሁ፣ የሚቀምሰው ሰው ቢመጣም ባይመጣም። የአራቱ መስቀል አደራ ደግሞ አለ። ባለዕዳ ከደጁ አይጠፋም።

አያትሽ አስማማው
ደንገል በር፣ ጣና ዳር
ጥር ፫ ቀን ፳፻፲፮ ዓ.ም.