መሬት ሳትረግጥ ያጠበቅኋት መኪና

ለውድ ባለቤቴ ለኃይሉ፤

ከተለየኸኝ ሰባት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ሆነ። እስካሁን ያልጻፍኩልህ ጊዜ አጥቼ አይደለም፤ ማስታወሻ ደብተሬን አንድም ቀን አላስታጎልኩም። ላንተ ለመጻፍ ግን ፊት አጣሁ።

ቤቱ ደህና ነው። የመለዋወጫ ሱቁ ጣሪያ ክረምቱ ሳይበረታ ታደሰ። ውሻህ ከጋራዡ ጉድጓድ አፍ አልነሣም ብላለች። ወደ ጅማ የሚያልፉት ሾፌሮች ዛሬም በራችን ላይ ሲደርሱ ጥሩምባ ይነፋሉ።

ይህን ሁሉ የምነግርህ ዋናውን ለማዘግየት ነው።

የአቶ ግርማቸውን ሰማያዊ የስፖርት መኪና ታስታውሳለህ? ባለ ሁለት ወንበሯን፣ ድምጿ ከራሷ ቀድሞ ሰበታ ይገባል እያልክ የምትስቅባትን። የፊት እግሮቿን የሚይዙት ብረቶች መጋጠሚያ ላይ ያለው ጎማ፣ ጎሚኒው፣ አልቆ ነበር። የፋብሪካዋ ስለጠፋ ሌላ ኩባንያ የሚሠራውን ጠንከር ያለውን ከፒያሳ ፈልጌ አመጣሁልህ። በእጅህ አገላብጠህ፣ አሽትተህ፣ ይሆናል አልክ። ሁሉንም አስገብተህ ብሎኖቹን በጣትህ ብቻ አስይዘህ ተውካቸው። መኪናዋ ክሪክ ላይ እንዳለች ታመምክ፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ሥራህ አልተመለስክም።

ከአርባህ በኋላ አቶ ግርማቸው መጣ። ቆሞ ሰዓቱን ያያል። የሥራ ባልደረባህ ኦቦ ለሚ ለለቅሶ ቡራዩ ሄደዋል። መፍቻውን አንሥቼ ከጎኗ ተንበረከክሁና፣ እንደተንጠለጠለች አጠበቅኋት።

አላወቅሁም ልልህ አልችልም። ስንት ዓመት መፍቻ ሳቀብልህ ኖሬያለሁ። ጎሚኒ መኪናዋ በአራት እግሯ መሬት ረግጣ ካልጠበቀ፣ ስትወርድ ይጠመዘዝና ይቀደዳል ትለኝ ነበር። ግን እንደዚያ ለማጥበቅ ከሥሯ መግባት ያስፈልጋል፤ ጉድጓዱን ደግሞ ዝናብ ሞልቶታል። ውሃውን ቀድቶ ለመጨረስ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ያን ዕለት ደብተሬ ላይ የጻፍኩት “ሰማያዊዋ ወጣች፤ ዝናብ” የሚል ብቻ ነው።

ሁለት ወር ሳይሞላ ተመለሰ። መኪናዋ ትንገጫገጫለች፣ መሪዋ ወደ ግራ ይስባል። ሱቁ ውስጥ ሦስት የጭነት መኪና ሾፌሮች ነበሩ። ኃይሉ፣ እዚያው ቆሜ አሰላሁ። ዕቃው ነው ብል ከመደርደሪያዬ ማንም አይገዛም። እኔ ነኝ ብል የሴት እጅ ብለው ይስቃሉ፣ ጋራዡም ይዘጋል። አንተ ግን ነገ የሚጎድልብህ ገበያ የለህም።

“ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ሲሠራት ታሞ ነበር። እጁ ደክሞ ነበር” አልኩ።

አዘኑልህ። አቶ ግርማቸውም ነፍስ ይማር ብሎ መኪናዋን ትቶልኝ ሄደ። በሳምንቱ ከዓለም ገና አንድ ሾፌር መጣ። ፍሬኑን የሠራህለት በመጨረሻ ወራትህ ስለሆነ እንዲታይለት፣ በትሕትና፣ ዓይኔን ሳያይ ጠየቀኝ። ከሱ በኋላ ሌላ መጣ፤ ከዚያም ሌላ። ሃያ ዓመት ማንም ያልተጠራጠረውን እጅህን በአንድ አፍታ አስጠረጠርኩት።

ኦቦ ለሚ ጉድጓዱ ውስጥ ገብተው ሰማያዊዋን ከሥር አዩአት። ጨርሰህ ባጠበቅከው ብሎን ላይ ሁሉ ነጭ ቀለም ጠብ ታደርግ የለም? ወጡና የቀለም ጣሳህን ባንኮኒዬ ላይ አስቀመጡ።

“አዴ ዘነበች፣ ነጭ የለውም” አሉኝ፤ እጃቸውን ሊታጠቡ ሄዱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ አቶ ግርማቸውን አስጠራሁ፤ ሦስቱ ሾፌሮችም እንዲመጡ ላክሁባቸው። ያጠበቅኋት እኔ ነኝ፣ መሬት ሳትረግጥ፤ ኃይሉ ሳይጨርሳት ነው የታመመው አልኳቸው። አንዱ ሾፌር፣ እንግዲህ ሟቹን በምን እንካሰው ብሎ ሊቀልድ ሞከረ፤ የሳቀለት የለም። አቶ ግርማቸው “ለምን?” አለኝ። ጉድጓዱ ውሃ ሞልቶት ነበር አልኩት። የጠየቀኝ ስለ ብሎኑ እንዳልነበረ የገባኝ ከሄደ በኋላ ነው።

አዲስ ጎሚኒ አስገባን። መኪናዋን በአራት እግሯ አቁመን ከሥር ገብቼ አጠበቅኋት። ኦቦ ለሚ ጣሳህን አቀበሉኝ፤ አልተቀበልኳቸውም። ነጩ ያንተ ነው። ለራሴ ቀይ ገዛሁ፤ ከእንግዲህ ቀይ ካለበት ጥፋቱም የኔ መሆኑን ሁሉም ይወቀው። ነጭህ ያለበት መኪና በገባ ቁጥር ግን መፍቻ ከማንሣቴ በፊት ከሥሩ ገብቼ ምልክትህን አያለሁ። በሕይወት እስካለሁ የማስታውስህ እንዲህ ነው።

የዓለም ገናው ሾፌር ቅዳሜ አልነበረም። ያቺን ቃሌን ይዞ በየመንገዱ እየነዳ ነው። ሰኞ ሱቁን ዘግቼ እፈልገዋለሁ፤ ከሱ የሰሙትንም አንድ በአንድ እየዞርኩ እነግራቸዋለሁ። እስከዚያ ጣሳህ ከባንኮኒው ላይ አይነሣም፤ የሚገባው ሁሉ ምንድን ነው ብሎ ይጠይቀኝ።

ባለቤትህ ዘነበች