እናቱን ያላዩትን ዘር የማይዘሩት አቶ ሙላቱ ፈንታው (1946–2018 ዓ.ም.)

አቶ ሙላቱ ፈንታው ከአባታቸው ከአቶ ፈንታው ይመርና ከእናታቸው ከወ/ሮ የሻረግ አራጌ በ1946 ዓ.ም. በጉባ ላፍቶ ወረዳ ተወለዱ። ለትምህርት ሲደርሱ ወልድያ ዘመድ ቤት ተቀምጠው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በ1967 ዓ.ም. በመንገድ ኬላ የጭነት ተቆጣጣሪ ሆነው ተቀጠሩ፤ በ2006 ዓ.ም. ጡረታ እስኪወጡም በዚሁ ሥራ አገለገሉ። ከከረጢቱ በታች ምን እንዳለ ሳያዩ ያሳለፉት መኪና የለም ይባላል። ሾፌሮች አይወዷቸውም ነበር፤ ጉቦ ሰጠኋቸው የሚል ግን አልተገኘም።

በ1973 ዓ.ም. ከወ/ሮ አበበች ጋር ጋብቻ መሥርተው ኑሯቸውን መርሳ ከተማ አደረጉ፤ ሦስት ልጆችም አፈሩ። ጥርጣሬው ቤት ድረስ ተከትሏቸው ገብቷል። ወ/ሮ አበበች ከገበያ ያመጡትን በርበሬ ሸክላ ተቀላቅሎበት እንደሆነ ብለው ውኃ ውስጥ በጥብጠው ያዩት ነበር።

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በጦርነቱ ምክንያት መንገድ ተዘግቶ ገበያ በጠፋ ጊዜ፣ ቤተሰቡ ከጓሮ በተገኘች ጥቂት ጎመን ከረመ። አቶ ሙላቱ ዳግመኛ የሰው እጅ ላለማየት ወስነው ጓሯቸውን በሙሉ ቆፈሩ። የታሸገ ዘር ቢቀርብላቸው፣ "እናቱን ያላየሁትን ዘር አልዘራም" ብለው መለሱ። ጉባ ላፍቶ እህታቸው ዘንድ ሄደው፣ አገዳው ወደ ሐምራዊ ከሚያደላው የሀገር ጎመን ላይ ዘሩን በእጃቸው ለቅመው መጡ። ያ ጎመን ከነጭ ሽንኩርቱና ከዱባው ጋር ቤቱን ከገበያ አሳረፈው። በየዓመቱ ጥሩ ጥሩውን ተክል ሳይቀነጥሱ ትተው ዘር ያስይዙ ነበር፤ ዘሩን ግን ለማንም አይሰጡም። የአጥር ጎረቤታቸው ዓሪፍ ጀብሪል ሁለት ጊዜ ለምኖ አላገኘም።

በ2016 ዓ.ም. ፍሬ የያዘው አገዳ ከሥሩ ተቆርጦ ተገኘ። አቶ ሙላቱ ወዲያው ዓሪፍን ጠረጠሩ። ዓሪፍም፣ "ጋሼ፣ በጎመን ሰው ይጠረጠራል?" ብሎ ሳቀ። እኛ ቤተሰቦቻቸው አፍረን፣ አርጅተው ነው ብለን ጎረቤታችንን ይቅርታ ጠየቅን፤ ሽማግሌ ገብቶም አስታረቃቸው። አቶ ሙላቱ የዓሪፍን እጅ ጨበጡ፤ በማግስቱም አጥሩን ከፍ አደረጉት።

በቀጣዩ ዓመት ካለፈው በተረፈው ዘር ዘርተው ፍሬ ሲይዝ፣ ሌባ እንዳይቀድማቸው ገና እርጥብ ሳለ አጨዱት። በጠርሙስ ከድነውም ጓሮ ውስጥ ቀበሩት። ለመዝራት በሰኔ 2017 ዓ.ም. ሲያወጡት ሻግቶ ነበር። እህታቸው አርፈው፣ የእህትየዋም ጓሮ ለሌላ ሰው አልፎ ስለነበር ዘሩ የሚገኝበት አልታወቀም። የልብ ሕመማቸውም በዚያው ሰሞን በረታና አልጋ ያዙ። ስለ ሕመማቸው ስንጠይቃቸው የሚመልሱልን ስለ ዘሩ ነበር።

ይህን የሰማው ዓሪፍ የጎመን ዘር በእፍኙ ይዞ አልጋቸው አጠገብ ቆመ። "ጋሼ፣ ያን ጊዜ የቆረጥሁት እኔ ነኝ። ይኸው የርስዎ ዘር ነው" አላቸው። እሳቸው ግን፣ "ዘሩን ተወው፤ መጀመሪያ እናቱን አሳየኝ" አሉት።

ልጃቸው ፍፁም ደግፏቸው ዓሪፍ ጓሮ ገቡ። አገዳውን ጎንበስ ብለው አዩ፤ ቅጠሉንም ጥሬውን አኘኩ። ከዚያም ወደ እኛ ዞረው፣ "አርጅቷል ያላችሁት ማንን ነበር?" አሉ። ለዓሪፍ ደግሞ፣ "ሌብነቱን አልተውልህም፤ ለዘሩ ግን እግዜር ይስጥልኝ" አሉት።

በዚያ ክረምት ዓሪፍ ሲዘራላቸው ወንበር አስወጥተው እጁን ሲጠብቁ ይውሉ ነበር። መስከረም ላይም ከጓሯቸው ጎመን በሉ። ከማረፋቸው ጥቂት ቀደም ብሎ በአጥሩ መካከል ወደ ዓሪፍ ጓሮ የሚያሳልፍ በር አስከፈቱ፤ መቆለፊያው በእኛ በኩል ነው። ይህ ታሪክ በዚህ ጉባኤ ፊት እንዲነበብ የፈቀደው ራሱ ዓሪፍ ነው።

አቶ ሙላቱ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. በ72 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸው ወ/ሮ አበበች፣ ልጆቻቸው ፍፁም፣ ቃልኪዳንና ኤርሚያስ፣ እንዲሁም የልጅ ልጆቻቸው በሐዘን ላይ ይገኛሉ።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን መጠርጠር ከማያስፈልግበት ስፍራ ያሳርፍልን።